ቍጥር ሲቃለል የሚቀረው

በአንደኛ ደረጃ የሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ፣ ተማሪው ብዙም ሳያስብበት የሚያልፈው አንድ አጭር ትምህርት አለ፤ እርሱም ክፍልፋይን ማቃለል ይባላል። መምህሩ በሰሌዳው ላይ 6/8 ብሎ ይጽፍና ከመስመሩ በላይ ያለውን ላዕል፣ ከመስመሩ በታች ያለውንም ታሕት ለሁለት ለሁለት አካፍሎ 3/4 ያደርገዋል፤ ተማሪውም ሁለቱ እኩል ናቸው ሲባል አሜን ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይሻገራል። ነገር ግን በዚህች በአንድ እስትንፋስ በምታልቅ ሥራ ውስጥ ለሊቃውንት ጉባኤ የሚበቃ ጥያቄ አለ። ስድስቱ ሦስት ሆነ፣ ስምንቱም አራት ሆነ፤ በዓይን የሚታየው ሁሉ ተለውጦ ሳለ እኛ ግን አልተለወጠም ብለን የምንመሰክርለት አንድ ነገር አለ። ላዕሉም ታሕቱም ሲለወጥ እርሱ ሳይለወጥ የሚጸናው ምንድር ነው? ከተለወጠውስ ውስጥ እንዳይጠፋብን ልንጠነቀቅለት የሚገባ የለምን?

ይህን ጥያቄ በአየር ላይ አንጠልጥሎ ከመመርመር በአንድ አገር ላይ አሳርፎ ማየት ይሻላል፤ ለዚህም እንደ ይፋት ቆላ የሚመች ስፍራ አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከጣርማ በር፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚሆነው ብርዳም ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቍልቍል ሲወርድ፣ መንገደኛው የገብሱን አገር ከኋላው ትቶ፣ ጋቢውንም አጣጥፎ፣ ከማሽላው፣ ከማሾውና ከሽንኵርቱ አገር ይደርሳል፤ በዚያም ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ የሮቢን ወንዝ ተጠግታ የተቈረቈረችው ሸዋ ሮቢት ትገኛለች። በዚህ ዳገትና ቍልቍለት ላይ ከጥንት ጀምሮ ሁለት የሒሳብ ጥበቦች ጐን ለጐን ኖረዋል። በደጋው አብያተ ክርስቲያናት ዓመትንና በዓላትን የሚቀምረው ባሕረ ሐሳብ፣ በቆላው መስጊዶችና የደረሳ ማስተማሪያዎች ደግሞ የሟችን ንብረት ለወራሾች የሚደለድለው ፈራኢድ ነው። ይፋት በ13ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ላይ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የተነሣባት፣ በ14ኛውም ምእተ ዓመት ከዐፄ ዐምደ ጽዮን ጋራ የተዋጋች አገር ናትና፣ የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ እርሷ ሲያወሱ ከሁሉ አስቀድመው ጦርነቷን ያነሣሉ። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምወደው፣ የደጋው መርጌታና የቆላው ሼኽ በየፊናቸው ተቀምጠው አንዱን ጥያቄ፣ ማለት ክፍልፋይ ሲቃለል ምን ይገለጣል፣ ምንስ ይሰወራል የሚለውን፣ ሲመረምሩ መኖራቸውን ነው።

ከደጋው እንጀምር። ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ በሚሰጠው በባሕረ ሐሳብ ትምህርት፣ ዕለት በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስም በ60 ካልኢት፣ ካልኢትም በ60 ሣልሲት እየተከፈለ እስከ ሳድሲት ድረስ ይወርዳል፤ ዛሬ በእጃችን በምናስረው ሰዓት ብንለካው አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ይሆናል። የፀሐይም ዓመት 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልኢት ነው ይላሉ መምህራኑ። እንግዲህ 15ቱን ኬክሮስ 15/60 ብለን ጽፈን ላዕሉንም ታሕቱንም ለ15 ብናካፍል 1/4 ይወጣል። 15/60 በተባለ ጊዜ የምናየው ቈጣሪው ዕለትን በምን ያህል እንደ ከፈለ ነው፤ 1/4 በተባለ ጊዜ ግን ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስና ዘመነ ዮሐንስ አራት ሆነው የሚፈራረቁበት ምክንያት ወለል ብሎ ይታያል፤ አራቱ ሩቦች ተደምረው አንድ ሙሉ ዕለት ይሆናሉና፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፣ ጳጉሜን 6 ትሆናለች።

ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የስድስቱ ካልኢት ነገር ነው። ዕለት በ3,600 ካልኢት ስለሚከፈል 6ቱ ካልኢት 6/3600 ናቸው፤ ይህም 2 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ፣ አንድ ሰው ደጃፉን ከፍቶ ጎረቤቱን ደኅና አደርህ ብሎ ሳይጨርስ የሚያልፍ ጊዜ ነው። ይህን ፍርፋሪ ማን ይቈጥረዋል የሚል ቢኖር፣ ላዕሉንና ታሕቱን ለ6 አካፍሎ ይይ፤ 1/600 ይሆንለታል፤ 1/600 ማለትም በ600 ዓመት አንድ ሙሉ ዕለት ማለት ነውና፣ ሊቃውንቱ ጳጉሜን በ600 ዓመት አንድ ጊዜ 7 ትሆናለች ብለው የሚያስተምሩት ከዚህ የተነሣ ነው። 6/3600 በሚለው ጽሕፈት ውስጥ ይህ ነገር ከቶ አልጐደለም፤ ነገር ግን ተሸፍኖ ተቀምጧል። የሚያቃልለው ሰው በቍጥሩ ላይ አንዳች አልጨመረም፣ አንዳችም አልቀነሰም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር የተሸፈነውን መግለጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን ለማቃለል የማይገባውን ክብር እንዳንሰጠው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የዘመናችን የከዋክብት ተመራማሪዎች ዓመት ከ365 ዕለት ከሩብ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል እንጂ አይበልጥም ይላሉ፤ በ1582 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ የዘመን አቈጣጠሩን ያስተካከለውም በዚህ ምክንያት ነበር። ስለዚህ 6/3600ን ወደ 1/600 ያቃለለ ሰው ከመነሻው የተቀበለውን ቍጥር አጥርቶ ያያል እንጂ፣ የተቀበለው ቍጥር ከሰማይ ጋራ ይስማማ አይስማማ እንደሆነ በማቃለል ሊያውቅ አይችልም። ማቃለል የነገርን መልክ ያጠራል፤ ምንጩን ግን አያርምም። በሰው ዘንድም እንዲሁ ነው፤ ንግግሩ አጭርና ግልጥ የሆነ ሰው ሁሉ እውነተኛ አይደለም፤ ሐሰትም በአጭር ቃል ሊነገር ይችላልና።

አሁን ደግሞ ሕጉን እንመልከት። 15ቱን ኬክሮስና 6ቱን ካልኢት አንድ ላይ ብንወስድ 906/3600 ይሆናሉ፤ ለዚህ ክፍልፋይ ትልቁን የጋራ አካፋይ በግምት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ የነበረው ግሪካዊው ዩክሊድ በመጽሐፉ በ7ኛው ክፍል ያስተማረው መንገድ ግን ያለ ስሕተት ያደርሳል። 906ን ከ3,600 ሦስት ጊዜ ብንቀንስ 882 ይተርፋል፤ 882ን ከ906 ብንቀንስ 24 ይተርፋል፤ 24ን ከ882 36 ጊዜ ብንቀንስ 18 ይተርፋል፤ 18ን ከ24 ብንቀንስ 6 ይተርፋል፤ 6 ደግሞ 18ን ሦስት ጊዜ ለክቶ ምንም አያስተርፍም። ስለዚህ ሁለቱን ቍጥሮች በአንድነት የሚለካቸው ትልቁ መስፈሪያ 6 ነው፤ ለእርሱም ስናካፍላቸው 151/600 እናገኛለን። ከዚህ ወዲያ 151 እና 600 ከአንድ በቀር የሚጋሩት አካፋይ የላቸውምና መንገዱ ያበቃል።

በዚህ ሥራ ውስጥ መቀነስ የጋራውን መስፈሪያ ለመፈለግ ያገለግላል፤ ማቃለሉ ራሱ ግን በማካፈል እንጂ በመቀነስ አይፈጸምም። ብዙ ልጆች የሚሰናከሉት በዚህ ነው፤ ከላይም ከታችም እኩል ካነሣሁ ክፍልፋዩ እንደ ነበረ ይኖራል ብለው፣ ከ6/8 ሁለት ሁለት አንሥተው 4/6 ይጽፋሉ፤ 4/6 ግን ሲቃለል 2/3 ነው እንጂ 3/4 አይደለም። ይህ የልጆች ስሕተት በአዋቂዎች ዘንድ ስሕተት መሆኑ ቀርቶ ፍርድ እየተባለ ይኖራል። ከባለጸጋውም ከድኻውም እኩል ብር የሚያስወጣ መዋጮ፣ ሁሉንም በአንድ ዐይን አይቻለሁ ቢልም፣ ከትልቁ ጥቂት ከትንሹ ብዙ ወስዷል። አሪስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ በ5ኛው ክፍል፣ ሀብትንና ክብርን በመደልደል ረገድ ጽድቅ ማለት ተመጣጣኝነት ነው ያለውም ይህንኑ ሲያስረዳ ነው። በማቃለል ሳይለወጥ የሚጸናው ነገርም ይኸው ነው፤ ላዕል ከታሕት ጋራ ያለው ዝምድና። ቍጥሮቹ ለየብቻቸው ኃላፊዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ምጣኔ ግን ጸንቶ ይኖራል።

ሆኖም ዝምድና ሲባል የማንና የማን ዝምድና እንደሆነ ሳይነገር የቀረ እንደሆነ፣ እውነተኛው ምጣኔ ራሱ ለማታለያ ይውላል። የቀድሞው የእኩል አራሽ ውል ለዚህ ምስክር ነው። ዳውላው 20 ቁና በሚሞላበት አገር አንድ ጭሰኛ አንድ ዳውላ ማሽላ ከአውድማው አገባ እንበል። አስቀድሞ ዐሥራቱ 2 ቁና ይወጣል፤ የቀረውም 18 ቁና ለባለ መሬቱና ለአራሹ ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 9 ቁና ይደርሳል። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሲቃለል አንድ ለአንድ ነውና ውሉ እኩል ተብሎ መጠራቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ከወገቡ ጐንበስ ብሎ የዘራ፣ ያረመ፣ ወፍ የጠበቀና ያጨደ አራሽ ከምርቱ ያገኘው 9/20 ነው፤ ይህ ክፍልፋይ ከዚህ ወዲያ አይቃለልም፣ እኩሌታም አይደለም። በሁለቱ ሰዎች መካከል እውነት የሆነው እኩልነት ከአዝመራው ሁሉ አንጻር እውነት አይደለም። አንድ ለአንድ በሚለው አጭር ቃል ውስጥ ዐሥራቱም፣ የአራሹም ድካም፣ በሬውን ያመጣው ማን እንደሆነም ተሰውሮ ቀርቷል። ዐሥራቱ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ቀረ፤ ጭሰኝነቱ ራሱም የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በወጣው ዐዋጅ አከተመ። ትምህርቱ ግን አላረጀም፤ ግማሽ ነው፣ ሲሶ ነው፣ እርቦ ነው የሚል ሰው በመጣ ቍጥር፣ የምኑ ግማሽ፣ የምኑስ ሲሶ ብሎ ታሕቱን መጠየቅ ከጠያቂው ይጠበቃል።

ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፈራኢድ እንለፍ። በቅዱስ ቁርኣን፣ በሱረቱ ኒሳእ፣ ለወራሾች የተወሰኑት ድርሻዎች ስድስት ናቸው፤ እነርሱም 1/2፣ 1/4፣ 1/8፣ 2/3፣ 1/3 እና 1/6 ናቸው። ሁሉም የመጨረሻው አጭር መልካቸው ላይ የደረሱ፣ ከዚህ ወዲያ የማይቃለሉ መሆናቸውን ልብ ይሏል። እነዚህን ድርሻዎች በሕያዋን ሰዎች ላይ ማዋል ግን ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ፤ በ9ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ በባግዳድ አልጀብራ የሚባለውን ትምህርት በመጽሐፍ ያደራጀው አል-ኸዋሪዝሚም ከዚያው መጽሐፍ ሰፊውን ክፍል የሰጠው ለውርስ ሒሳብ ነበር። በአገራችንም የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የግልና የቤተ ሰብ ክርክር፣ ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ፣ በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ በር ከፍቷልና፣ ይህ ጥበብ ከኪታብ ወጥቶ በቃዲ ፊት የሚሠራ ሕያው ሒሳብ ነው።

አንድ የይፋት ቆላ አርቢ ሞተ እንበል። ዕዳው ተከፍሎ፣ ኑዛዜውም ተፈጽሞ የተረፈው 27 ፍየል ነው፤ የተረፉትም ወራሾች ሚስቱ፣ አባቱ፣ እናቱና ሁለት ሴቶች ልጆቹ ናቸው። ሟቹ ልጆች ስላሉት የሚስቲቱ ድርሻ 1/8፣ የአባቱ 1/6፣ የእናቱም 1/6 ነው፤ የሁለቱ ልጆች ድርሻ አንድ ላይ 2/3 ነው። ሼኹ እነዚህን ሊደምር በተነሣ ጊዜ ግን እያንዳንዱ ክፍልፋይ በየራሱ ታሕት ላይ ተቀምጧልና አይደመሩም። ስለዚህ ከማቃለል ተቃራኒ የሆነውን ሥራ ይሠራል፤ ለሁሉም የሚሆነውን የጋራ ታሕት 24 አድርጎ፣ የሚስቲቱን 3/24፣ የአባቱን 4/24፣ የእናቱን 4/24፣ የልጆቹንም 16/24 ያደርጋል። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ የደጋው አማራ፣ አርጎባው፣ ኦሮሞውና ግመሉን እየሳበ የመጣው አፋር የየአገራቸውን መስፈሪያ ወደ ጐን ትተው ሁሉም በተስማሙበት ልክ እንደሚገበያዩ፣ እነዚህም ድርሻዎች አጭሩን መልካቸውን ትተው ወደ አንድ ታሕት ካልመጡ በቀር አብረው ሊቆሙ አይችሉም።

ተደምረውም ሲታዩ 27/24 ሆኑ። ድርሻዎቹ ከንብረቱ በለጡ! ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም፤ ኸሊፋ ዐሊ በኩፋ መስጊድ በሚንበሩ ላይ ቆመው ሳለ ስለዚሁ ጉዳይ ተጠይቀው፣ ንግግራቸውን ሳያቋርጡ የሚስቲቱ ስምንተኛ ዘጠነኛ መሆኑን ወዲያው እንደ መለሱ ይተረካል፤ ሊቃውንቱም ከዚህ የተነሣ ጉዳዩን የሚንበሩ ጥያቄ ብለው ይጠሩታል። መልሱ የሚገኘው ዐውል በሚባለው ሥርዐት ነው፤ ታሕቱ ከ24 ወደ 27 ከፍ ይላል፣ ላዕሎቹ ግን እንደ ነበሩ ይቀራሉ። ስለዚህ ሚስቲቱ 3/27፣ አባት 4/27፣ እናት 4/27፣ ልጆቹ 16/27 ያገኛሉ፤ በፍየል ሲቈጠርም ሦስት፣ አራት፣ አራት፣ ለእያንዳንዷም ልጅ ስምንት ስምንት ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ለሚስቲቱ አስቀድሞ ከ24 ሦስት እጅ ተባለ፤ ኋላም ከ27 ሦስት እጅ ተባለ። ሦስቱን ብቻ የሰማ ሰው ምንም አልተነካባትም ይላል። 3/27ን ለ3 አካፍሎ 1/9 ያለ ሰው ግን፣ ስምንተኛዋ ዘጠነኛ መሆኑን፣ ማለት ከድርሻዋ ዘጠነኛው እጅ መቀነሱን፣ በግልጥ ያያል። ኸሊፋው ከሚንበሩ ላይ የመለሱት መልስ እንግዲህ የቃለለው ክፍልፋይ ነው፤ አጭር የሆነው ለብልሃት ሳይሆን ሴቲቱ የደረሰባትን ነገር ሳይሸፍን ለመናገር ነው። ከአራቱ ድርሻዎች መካከል የሚቃለለው የእርሷ ብቻ መሆኑም ያስገርማል፤ 4/27 እና 16/27 የጋራ አካፋይ የላቸውምና እንደ ተጻፉ ይኖራሉ። እውነት ግልጥ ሆና ልትነገር የቻለችው ከአራቱ ሁሉ ባነሰው ድርሻ ላይ ነው።

ጕድለቱ በሁሉም ላይ በምጣኔ የተደለደለ መሆኑን ደግሞ እንመርምር። 24ቱ ከ27 አንጻር ሲቃለሉ 8/9 ናቸውና፣ ሚስቲቱም፣ አባትም፣ እናትም፣ ልጆችም ከየድርሻቸው ዘጠነኛውን እጅ እኩል ይተዋሉ። ልጆች እንደሚሳሳቱት በመቀነስ ቢደረግ ኖሮስ? የበለጡትን ሦስት እጆች ለአምስቱ ሰዎች እኩል ብናከፋፍል እያንዳንዱ 3/5 እጅ ይጐድልበታል፤ ይህም ሦስት እጅ ብቻ ላላት ሚስት የድርሻዋ አምስተኛ ሲሆን፣ ስምንት ስምንት እጅ ላላቸው ልጆች ግን ከየድርሻቸው 3/40 ብቻ ነው። ሁሉም እኩል አዋጣ በሚባልበት ፍርድ ባልቴቲቱ ከልጆቿ ይልቅ ከሁለት እጥፍ ተኩል በሚበልጥ ሸክም ትጐዳ ነበር። ማካፈል ከመቀነስ የሚለይበት ምክንያት ከዚህ ይበልጥ በምን ይገለጣል?

ይሁን እንጂ ሁሉም ሊቅ በዚህ ሥርዐት አልተስማማም። ዐውል በመጀመሪያ የተሠራበት በኸሊፋ ዑመር ዘመን፣ ባልና ሁለት እኅቶች ትታ በሞተች ሴት ውርስ ላይ ነው ይባላል፤ ለባል 1/2፣ ለእኅቶች 2/3 ሲደመር 7/6 ሆኖባቸው ነበር። የነቢዩ ሙሐመድ የአጎት ልጅ ኢብን ዐባስ ግን ከዑመር በኋላ ተነሥቶ፣ የአሸዋውን ቍጥር ያወቀ ፈጣሪ በአንድ ንብረት ላይ ከሙሉው የሚበልጡ ክፍሎችን አያኖርም ሲል እንደ ተከራከረ ይተረካል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ሕጉ ከአምላክ ከሆነ እንዴት ክፍሎቹ ከሙሉው ይበልጣሉ? አብዛኞቹ የሱኒ ሊቃውንት ግን ዐውልን ተቀበሉ። እኔ በሌላው ወንድሜ ሃይማኖት የውስጥ ክርክር ገብቼ ልፈርድ አልችልም፤ ነገር ግን ከውጭ ቆሞ ለሚያይ አንድ ነገር ይገባዋል። እያንዳንዱ ድርሻ ብቻውን ሲነገር ፍጹም ነው፤ የሚጨናነቁት ሰዎች በአንድ ቤት ውስጥ አብረው ሲገኙ ነው። ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የሚገባውን ይናገራል፤ ሰዎቹ ተሰብስበው የሚገባቸው ሁሉ ካለው በበለጠ ጊዜ ግን፣ የአንዱን ሙሉ መብት ጠብቆ ሌላውን ባዶ እጁን ከመስደድ ይልቅ፣ ሁሉም ከየድርሻው በምጣኔ እንዲለቅ ማድረግ ሕጉን ማፍረስ አይደለም፤ ሕጉን በወንድማማችነት መፈጸም ነው።

የደጋውም መጽሐፍ ስለ ሌላ ባልቴት የሚተርከው አለ። በቤተ መቅደስ መባ ሲገባ ባለጠጎች ብዙ ጣሉ፤ አንዲት ድኻ ባልቴት ግን ሁለት ናስ ጣለች፤ ጌታም ከሁሉ አብልጣ እንደ ጣለች ለደቀ መዛሙርቱ ነገራቸው። በላዕሉ ብቻ የሚመዝን ሰው ይህን ፍርድ ሊረዳው አይችልም፤ ሁለት ናስ ከብዙ ወርቅ አይበልጥምና። ታሕቱን የጨመረ ሰው ግን ነገሩ ይገባዋል፤ ያላት ሁለት፣ የሰጠችውም ሁለት ነበርና 2/2 ሲቃለል አንድ፣ ማለት ሙሉው ሁሉ ነው። ዐሥር ሺህ ኖሮት ሺህ የሰጠ ባለጠጋ 1/10 ሰጥቷል። የሰው ዐይን ላዕልን ያያል፤ አምላክ የሚያየው የቃለለውን ክፍልፋይ ነው ብንል ከነገሩ አንርቅም። ከዚህ አልፎ ብዙዎቹን እኩያ ክፍልፋዮች የመለኮት አንድነት ምሳሌ ለማድረግ መሞከር ግን ድፍረት ይሆንብኛል፤ ቍጥር ለፍርድ የሚያገለግለውን ያህል ለምሥጢር አያገለግልም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ በከፊል ተመልሷል፤ በማቃለል የሚጸናው ምጣኔ ነው፣ የሚገለጠውም እውነት ነው። የሚጠፋውስ? የሚጠፋው የብዛቱ ትዝታ ነው። በአንድ ቀበሌ ከሁለት የውኃ ጕድጓዶች አንዱ ደረቀ፤ በሌላ ወረዳ ከ200 ጕድጓዶች 100 ደረቁ እንበል። ሁለቱም ዜና ሲቃለል ግማሹ ደረቀ የሚል ነው፤ በመቶኛም ብንጽፈው 50 በመቶ ነው። ክፍልፋዮቹ በእውነት እኩል ናቸው፤ ጥማቱ ግን እኩል አይደለም። በመጀመሪያው ቀበሌ ያሉት እናቶች አንዲት የቀረች ጕድጓድ ላይ ተሰልፈው ያድራሉ፤ በሁለተኛው ወረዳ ደግሞ በመቶ መንደሮች ያሉ ሰዎች እንስራቸውን ተሸክመው ይሰደዳሉ። መዝገብ ቤቱ አንድ ቍጥር ጽፎ ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ቋት ቢከት በሒሳብ አልተሳሳተም፤ በሰው ላይ ግን በድሏል። ምጣኔ የሰውን ልክ ይነግረናል፤ ሰዎቹ ስንት እንደሆኑ ግን አይነግረንም፤ ረድኤት የሚያደርስ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህ የተነሣ ማቃለልና ወደ ጋራ ታሕት ማውጣት እንደ ሁለት ተቃራኒ ሥራዎች ሆነው አይታዩኝም፤ በአንድ ፍርድ ውስጥ ተራ በተራ የሚመጡ ሁለት ግዴታዎች ናቸው። ፈራጁ ሰዎችን ሲያሰባስብ ድርሻቸውን ሁሉ ወደ አንድ ታሕት ያወጣል፤ በዚያን ጊዜ ማንም ብቻውን በአጭሩ መልኩ ጸንቶ ሊኖር አይችልም፤ ሌላው ሊደመርበት ስለሚገባ ራሱን ያሰፋል። ፍርዱን ሲነግር ግን እያንዳንዱን ወደ አጭሩ መልክ ይመልሰዋል፤ ሰው የደረሰበትን ነገር በገዛ ኅሊናው ሊመዝን የሚችለው ነገሩ ግልጥ ሆኖ ሲነገረው ነውና። የመጀመሪያውን ብቻ የሚሠራ ፈራጅ በቍጥር ብዛት ይሸፍናል፤ የሁለተኛውን ብቻ የሚሠራ ደግሞ ሰዎቹን በምጣኔ ውስጥ ያጠፋቸዋል።

ስለዚህ ውርስ የሚያከፋፍል ሽማግሌ፣ መዋጮ የሚደለድል የዕድር ዳኛ፣ ዕርዳታ የሚያድል ሹም፣ ዘካውን ወይም ዐሥራቱን የሚያሰላ ምእመን ሁሉ፣ ለባለጉዳዩ ሁለት ቍጥር ይንገረው ብዬ ልደምድም። ለሟቹ ሚስት ሦስት ፍየል ደርሶሻል ብቻ ማለት አይበቃም፤ ከመቀነሱ በፊት ስምንተኛ የነበረው ዘጠነኛ ሆኗል መባል አለበት። ዘጠነኛ ደርሶሻል ብቻ ማለትም አይበቃም፤ ከ27ቱ ሦስቱ የትኞቹ እንደሆኑ በመንጋው ውስጥ ተለይተው ሊታዩ ይገባል። ከሁለቱ ቍጥሮች አንዱን የሸሸገ ሰው፣ የነገረው ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ገና ሙሉ እውነት አልተናገረም።